እጅ የለመደው

ዴልመር ሃስኬት ሐሙስ ጠዋት በተኩስ መለማመጃው ጠጠር ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የጆሮ መከላከያውን እንዳደረገ ነው። ደረቱ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ሽጉጡ ግን ጥይቱን እንደጎረሰ ወገቡ ላይ በማህደሩ ውስጥ ተቀምጧል። መርማሪ ሮክሳን ኢባራን ከሁሉ በፊት ያበሳጫት ይኸው ነው። በፓሎ ሴኮ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ራሱን በመሣሪያ እንዴት እንደሚከላከል ሲያስተምር የኖረ፣ ሽጉጡን ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ለመተኮስ ሰከንድ ተኩል የማይፈጅበት ሰው፣ እጁን እንኳ ሳያነሳ እንዴት ይሞታል?

ሮክሳን ጉልበቷ እየተንቋቋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ገና አዲስ ፖሊስ ሳለች ሽጉጥ አያያዝ ያስተማራት ይኸው ሰው ነበር። ከኋላዋ ቆሞ «ፈጥነሽ ከሳትሽ ያተረፍሽው ጩኸት ብቻ ነው!» እያለ ያበሽቃት ነበር። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሦስት ወጣት ፖሊሶች ቆመው ስለሚያዩዋት ግን ዋጥ አደረገችው።

ሰባት ሜትር ርቆ በቆመው የካርቶን ኢላማ ደረት ላይ ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። ስድስቱንም አንድ መዳፍ ይሸፍናቸዋል። ቀበቶው ላይ የተኩስ ሰዓቱ ተሰክታለች። ይህች ሰዓት ተኳሹን ጮኻ ታስጀምረዋለች፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ተኩስ ድምፅ እየሰማች በስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደተተኮሰ ትመዘግባለች። ሮክሳን ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ቁልፏን ተጫነች። የመጀመሪያው ተኩስ በአንድ ነጥብ አራት ሰከንድ፣ ስድስተኛው በሦስት ነጥብ አንድ። የዴልመር የዘወትር ልምምድ ስድስት ጥይት ነው። ሰዓቷ ግን ሰባት መዝግባለች። ሰባተኛው ተኩስ የተመዘገበው ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ነው።

«አምስት ሰከንድ» አለች ለራሷ።

በአምስት ሰከንድ ውስጥ ዴልመር ምን እንደሚያደርግ እሱ ያስተማረው ሰው ሁሉ ያውቃል። ተኩሶ ሲጨርስ ግራውን ያያል፣ ቀኙን ያያል፣ ዞሮ ኋላውን ያያል። ሽጉጡን ወደ ማህደሩ የሚመልሰው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲያው ዞሯል። ገዳዩን ፊት ለፊት አይቶታል። አይቶትም ሽጉጡን መልሷል። የገደለው የሚያምነው ሰው ነው ማለት ነው።

ጥይቱ በጀርባው ወጥቶ ከኢላማዎቹ ኋላ በተቆለለው የአፈር ግድብ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ውስጥ የሠላሳ ዓመት የጥይት እርሳስ ስላለ እሱን መፈለግ ድካም ብቻ ነው። መሬቱም ላይ ባዶ ቀለህ እንደ ጥሬ ተበትኗል፤ የክለቡ አባላት ሁሉ የሚተኩሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው። ሮክሳን ግን ከሬሳው እግር አራት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ገዳዩ ቆሞበት ይሆናል ካለችው ቦታ አጠገብ፣ ከቀለሆቹ መሀል አንድ ያልተተኮሰ ጥይት አገኘች። ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው። በላስቲክ ከረጢት ከተተችውና ከአለቃዋ ከሸሪፉ በስተቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

መለማመጃው በብረት አጥር የታጠረ ነው። የበሩ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዴልመር ራሱ ነበር። ሁለተኛው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ፖሊስ የጠራው ጎርደን ቲግ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ክለቡን ያቋቋመና ሃያ ስድስት ዓመት የተኩስ ሜዳው ኃላፊ ሆኖ የኖረ ሰው። በሜዳው ጠርዝ ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቡና ኩባያውን በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ይዟል።

«ጎርደን፣ ጥይት የሚቀረቀርበት ሽጉጥ ያለው ማነው?» አለው ሸሪፉ። ለምን እንደጠየቀው አልነገረውም።

«እኔ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም።»

«የጠየቅኩህ ስለ ሽጉጥ ነው።»

ጎርደን ተነፈሰ። «የካሪሳ ነው። ሁሌ ይቀረቀርባታል። ዴልመር ሌላ ለውጪ እያለ ሲለምናት ነው የከረመው። ግን ደግ ልጅ ናት። እንኳን ሰው...»

«እንኳን ሰው ምን?» አለች ሮክሳን።

«ምንም። ደግ ልጅ ናት አልኩ እንጂ።»

ሸሪፉ ሮክሳንን ገልመጥ አደረጋት። የተቀረቀረ ሽጉጥ የሚለቀቀው ተጎትቶ ጥይቱ ሲወረወር ነው። ሦስተኛው ቁልፍ ደግሞ ያለው በካሪሳ እጅ ነው። ለእሱ ነገሩ አልቆለታል። ሮክሳን ግን ነገር ቶሎ አይዋጥላትም፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ ሹመት አምልጧታል።

ካሪሳ ቦየት የሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ናት። ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ከአሥር አስተማሩኝ» አለች። «ስወጣ ሰዓታቸውን ቀበቷቸው ላይ እየሰኩ ነበር። 'ነገ እንዳታረፍጂ' አሉኝ።»

«ክሊኒክ ስንት ሰዓት ገባሽ?»

«አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት።»

«መንገዱ ሩብ ሰዓት ነው። አሥር ደቂቃ ይተርፋል።»

«ነዳጅ ቀዳሁ» አለችና እጇን አገጣጠመች። «መርማሪ፣ ሰኞ ችሎት አለኝ። የሜሲ፣ የልጄ አሳዳጊነት ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። እስከ ሰኞ ከታሰርኩ ለአባቷ ይሰጧታል።»

«አባቷ...»

«ትሬንት። ይኼን ክንዴን የሰበረው እሱ ነው። ተኩስ መማር የጀመርኩትም እሱን ፈርቼ ነው። እኔን ይሥቀሉኝ ግድ የለኝም፤ ሜሲን ግን ከእሱ ጋር አንድ ቀን አታሳድሯት።»

የሮክሳንን አንጀት በላችው። መርማሪ ደግሞ አንጀቱን የሚበላውን ሰው ነው አብልጦ መጠርጠር ያለበት፤ ይህንንም ታውቃለች።

«ዛሬ ሽጉጥሽ ተቀርቅሮብሽ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ።»

«የወጣውን ጥይት ምን አደረግሽው?»

«አነሳሁታ! ካላነሳሁ መቼ ይለቁኛል።»

«እሺ። ተኩሰሽ ስትጨርሺ ምን ታደርጊያለሽ? እስቲ በባዶ እጅሽ አሳዪኝ።»

ካሪሳ ግር ቢላትም ተነሳች። በሌለ ሽጉጥ አነጣጠረች። ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች፣ ዞራ ግድግዳውን አየች። ጥይት መያዣውን ካርታ በሌላ ሙሉ ካርታ እንደመለወጥ አለችና ባዶ እጇን ወገቧ ላይ መለሰች።

«የጎረሰውን ጥይት አታወጪም?»

«በጭራሽ! መጀመሪያ ሰሞን አንዴ አውጥቼ፣ 'ጠቡ ማለቁን ማን ነገረሽ?' ብለው የጮሁብኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

ሮክሳን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። የዴልመር ተማሪዎች ሽጉጣቸውን እንደጎረሰ ይመልሳሉ። ለውድድር የሚተኩሱት ተቃራኒዎች ናቸው፤ ሲጨርሱ ካርታውን ይነቅላሉ፣ የቀረችውን አንድ ጥይት ጎትተው ያስወጣሉ፣ ባዶነቱን ለዳኛው ያሳያሉ፣ ምላጩን በባዶው ይስባሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። ይህንን በዓመት ሺህ ጊዜ ያደርጉታል። ዴልመር እነሱን ባየ ቁጥር ይሳደብ ነበር።

ያንን ያልተተኮሰ ጥይት ያስወጣው የተወዳዳሪ እጅ ነው ብላ ለሸሪፉ ነገረችው።

«በእጅ ልማድ ሰው ነጻ አይወጣም» አላት። «ጥይቱ ላይ አሻራ የለም?»

«ግማሽ አውራ ጣት አለ። ላብራቶሪው ሦስት ሳምንት ጠብቁ ብሏል።»

«ዐቃቤ ሕጉ ሦስት ቀንም አይጠብቀኝም። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ልጅቷን አስራታለሁ።»

አራተኛው ቁልፍ የወይሎን ፕሩት ነው። ወይሎን ጎማ ቤት አለው፤ በክለቡ ውስጥ እንደ እሱ ፈጣን ተኳሽ የለም፤ ይህንንም ራሱ ሳይጠየቅ ይናገራል። ባለፈው ቅዳሜ ከዴልመር ጋር በሰው ፊት ተዘላልፈዋል። ሮክሳን ዓርብ ጠዋት ስትሄድ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት።

«እሜቴ! ጎማ ነው ወይስ እኔን ፈልገው ነው?»

«ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። አንድ ሰዓት ላይ ከፈትኩ።»

«ፊት ለፊትህ የታኮ ምግብ የምትሸጠው ሴትዮ ጎማ ቤቱ እስከ ሦስት ሰዓት ዝግ ነበር ትላለች።»

«እሷ ደግሞ ሥራ የላትም!»

«ወይሎን፣ ሰው ሞቷል። ቁልፍ አለህ፣ ጠብ ነበራችሁ፣ አሁን ደግሞ ዓይንህን በጨው አጥበህ ትዋሻለህ። ልሰርህ?»

ወይሎን ፊቱ ደም መሰለ። ግራ ቀኙን አየና ከሥራ ቱታው ኪስ አንድ ነገር አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። አዲስ መነጽር ነው።

«የዓይን ሐኪም ጋ ነበርኩ። እዚህ ሰው ያየኛል ብዬ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ለማንም እንዳይነግሩብኝ! የፊት ማነጣጠሪያዬ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ።»

ሮክሳን እዚያው ቆማ ስልክ ደወለች። ሐኪሙ ሐሙስ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ሰዓት ወይሎንን ሲመረምር እንደነበር አረጋገጠላት። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። ያላት አንድ ተጠርጣሪ እጇ ላይ ሟሟ። የቀረው ጊዜ አንድ ቀን ነው።

«ከዴልመር ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«ጠብም አይደል። 'ትፈጥናለህ፣ አትመታም' አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስለማይታየኝ ነዋ! ሽማግሌው ሰሞኑን ከሁሉም ጋር ነበር የተኮራረፈው። 'ለቅዳሜው ስብሰባ ለአባላቱ የምናገረው አለኝ' ይል ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልተነፈሰም።»

«ተኩሰህ ስትጨርስ እንዴት ነው ሽጉጥህን የምታወርደው? አሳየኝ።»

ይህንን ሲጠየቅ ወይሎን እንደ ልጅ ደስ አለው። ሽጉጡን ከወገቡ አወጣ፣ ካርታውን ነቀለ፣ በግራ እጁ ጎተተ። ጥይቷ ወደ ላይ ተፈናጥራ ገና ሳትወርድ በዚያው ግራ እጁ አየር ላይ ቀለባት።

«ወድቃብህ ታውቃለች?»

«እኔ ላይ? እሜቴ፣ ይቺ የወደቀችብኝ ዕለት ሽጉጥ ትቼ ሹራብ እሠራለሁ። ጎርደን አለንጋ ይዞ ነው ያስተማረኝ ማለት ይቻላል። እሱ በጥሩ ጊዜው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀልብ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ከገና ወዲህ በሰው ፊት ተኩሶ አያውቅም። ትከሻዬን ይላል።»

ሮክሳን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተር ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። ጎርደን ቲግ የዴልመር የአርባ ዓመት ጓደኛ ነው። ስሙን በልቧ ስትጠራው ራሷን ታዘበች። የጣት አሻራውን በግልጽ ብትጠይቀው ጠበቃ ይጠራል፣ ቀኑም ያልቃል። እጁ ምን እንደሚያደርግ ግን ማየት ትችላለች፤ ያውም ልብ ሳይለው።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ የሚሆኑ አባላት ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ሮክሳን ባርኔጣዋን አውልቃ መሀላቸው ቆመች።

«ዴልመር ዛሬ ጠዋት እዚህ ይገኝ ነበር» አለች። «የቁልፉ ባለቤቶች ሦስታችሁም የእሱን ስድስት ጥይት ተኩሱለት። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። ስትጨርሱ የማዘው ነገር የለም፤ እንደለመዳችሁ አድርጉ።»

መጀመሪያ ካሪሳ ቀረበች። የራሷን ሽጉጥ ፖሊስ ስለያዘው በተዋሰችው ተኮሰች። አምስት ሰከንድ ፈጀባት፤ አንዷ ጥይት ከኢላማው ጠርዝ ወጣች። ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች፣ ዞራ ሮክሳንን አየቻት። ካርታ ለወጠች፣ ሽጉጡን መለሰች። መሬት ላይ ከቀለህ በስተቀር ምንም አልወደቀም።

ወይሎን መነጽሩን አድርጎ ብቅ ሲል ሜዳው በሳቅ ፈነዳ።

«አያቴ መጡ!» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ አንተን ዛሬ ገና በደንብ አየሁህ፤ ታስጠላለህ» አለና በሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ ስድስቱንም ኢላማው ደረት ላይ ደረደራቸው። ጥይቷን አየር ላይ ቀለበና ኪሱ ከተታት።

ጎርደን አልተነሳም። «ትከሻዬ እኮ...»

«ለዴልመር ነው፣ ጎርደን!» አሉት ከየአቅጣጫው። ሰው ሁሉ ሲያየው እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ወደ መስመሩም መጣ። ሮክሳን ከቀኝ ትከሻው ኋላ ቆመች። እንዲሳሳት ትመኝ ወይስ እንዳይሳሳት፣ ራሷም አታውቀውም።

ሰዓቷ ጮኸች። ጎርደን ሽጉጡን አወጣ። ሁለት እጁ ሲገጥም ቀጥ አለ፤ ስድስቱን በሦስት ነጥብ ስምንት ሰከንድ ለቀቃቸው፤ ስድስቱም አንድ ቦታ ገቡ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጎርደን በጭብጨባው መሀል ካርታውን ነቀለ፣ ጎተተ፣ ግራ እጁም ወደ ላይ ወጣች። ጣቶቹ አየሩን ጨበጡ። ጥይቷ ግን ከጣቶቹ ቀድማ አልፋ ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ምላጩን በባዶው ሳበ፣ ሽጉጡን መለሰ። ከዚያ ነው ግራ እጁ ተንጠልጥላ መንቀጥቀጥ የጀመረችው።

ጭብጨባው ቆመ። ጎርደን ከእግሩ ሥር ያለችውን ጥይት አየ። ቀና ብሎ የሮክሳንን ፊት አየ።

«ሐሙስም ወድቃብኝ ነበር?» አላት በቀስታ።

«ወድቃብዎት ነበር።»

«አላወቅኩም» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ እንዳወጣኋትም አላውቅም።»

«የተተኮሰ ቀለህ ላይ ሙቀቱ አሻራ ያጠፋል፣ ጎርደን። ያልተተኮሰ ላይ ግን ይቀራል።»

ቀበቶውን ራሱ ፈታና ከነሽጉጡ ሰጣት።

በክለቡ ጠባብ ቢሮ ውስጥ መብቱን አነበበችለት። ጠበቃ አልፈልግም አለ። እጁ ከገና ወዲህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሐኪሙ እየባሰ ይሄዳል ብሎታል። ባለፈው ወር ካሪሳ ስትተኩስ እሱ ከኋላ ለብቻው ሲለማመድ፣ ሽጉጡን ሲያወጣ ባርቆበት ጥይቱ ከካሪሳ እግር አንድ ስንዝር ርቆ ጠጠሩን በተነው። ካሪሳ ከኢላማው የዘለለ ድንጋይ መስሏታል። ያየው ዴልመር ብቻ ነው።

«'ራስህ ተው፣ አለዚያ ቅዳሜ ለአባላቱ እናገራለሁ' አለኝ። ረቡዕ ለመንኩት። ሐሙስ እንደገና ልለምነው መጣሁ። ተኩሶ ጨረሰና ዞረ። ሲያየኝ ፈገግ አለ። ሽጉጡን መለሰና 'ወሰንክ እንዴ?' አለኝ።» ጎርደን ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «በዚያች ሰዓት እጄ አልተንቀጠቀጠም።»

«ካሪሳንስ?»

«ሸሪፉ ስለ ሽጉጥ ሲጠይቀኝ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።»

«ስሟን ሲጠሩ ግን ወዴት እንደሚሄድ ገብቶዎታል።»

ሮክሳን ተናደደች፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ለዴልመር ያዘነችው ሐዘን ሁሉ አሁን በቁጣ ወጣ። «ዴልመርን ባንድ ቅጽበት ገደሉት፤ እሺ፣ እብደት ነው እንበል። ያችን ልጅ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው፣ አውቀው ነው የገደሏት!»

ሸሪፉ ጎርደንን ይዞ ሲሄድ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ካሪሳ ከግቢው አጥር አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። ሮክሳን ቀረበቻት።

«አልቋል። አትታሰሪም። ሰኞ ነጻ ሰው ሆነሽ ነው የምትገቢው።»

ሮክሳን እንባና እቅፍ ጠብቃ ነበር። ካሪሳ ግን መኪናው ያስነሳውን አቧራ እያየች ቀረች።

«ሰኞ የሚመሰክሩልኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ» አለች። «በዚህ ከተማ ስለ እኔና ስለ ሜሲ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም። ትሬንት ሁሉንም አርቆብኛል። አንዱ ዴልመር ነበሩ፣ ሌላው ጎርደን። ዴልመር ሲሞቱ ጎርደን ትናንት ቤቴ መጥተው፣ 'አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ' አሉኝ። ሜሲ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ነበር።»

ሮክሳን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው የፖሊስነት ዘመኗ ውስጥ ጉዳይ ሲዘጋ ወደ ቤቷ ነው የምትሄደው፤ የቀረውን የሚያነሳ ሌላ ሰው ይኖራል ብላ። እዚህ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እኔ እመሰክርልሻለሁ» አለቻት።

«እርስዎ? እርስዎ እኮ እኔን አያውቁኝም። ሐሙስ ነው የተዋወቅነው፤ ያውም ጠርጥረውኝ።»

«ጠርጥሬ መርምሬሻለሁ። ከዚያ የበለጠ ምን ማወቅ አለ?» ሮክሳን የመኪናዋን ኋላ ከፈተችና ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረገችላት። «የቀረውን ደግሞ አንቺ ታሳውቂኛለሽ። ሜሲ ምን ትወዳለች? ሲያማት ማንን ትጠራለች? ማን ያስተኛታል? ከተወለደችበት ቀን ጀምሪ፤ ሰኞ ጠዋት ድረስ ጊዜ አለን።»

ካሪሳ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ልጅቷ ከቀኗ አንድ ወር ቀድማ፣ በዝናብ ቀን እንደተወለደች መናገር ጀመረች።